ሃያ ሦስት፣ ሰባት፣ አርባ

አስካለ ጠዋት ስትነሳ፣ ፊቷን ከመታጠቧ በፊት አስራ አንድ ልብ ታጠልቃለች።

አምባሩ ከግራ እጇ አንጓ እስከ ክርኗ ድረስ ይጠመጠማል። በውስጥ በኩል ሽምብራ ሽምብራ የሚያካክሉ አስራ አንድ ጉብታዎች አሉት። እያንዳንዱ ጉብታ ምድር ላይ ያለ የአንድ ኳስ ተጫዋች ልብ በመታ ቁጥር ቆዳዋን ጠቅ ያደርጋታል። ሰዉ «ትርታ አምባር» ይለዋል። ተጫዋቾቹ ደረታቸው ላይ፣ ከቆዳቸው ስር፣ ጤፍ የምታክል መሣሪያ ተቀብራላቸዋለች፤ የልባቸውን ትርታ ትልካለች፣ ትርታውም ማርስ ድረስ ይመጣል። መንገዱ በዚህ ሰሞን አስራ አንድ ደቂቃ ይፈጃል። ስለዚህ አስካለ ክንድ ላይ የሚመታው ልብ ከአስራ አንድ ደቂቃ በፊት የመታ ልብ ነው።

መጀመሪያ ይህን ሲነግሯት «ታዲያ በመሃል ሰውየው ቢሞትስ?» ብላ ጠይቃ ነበር። ሳቁባት። እሷ ግን ለጨዋታ ብላ አልነበረም የጠየቀችው።

ማርስ የመጣችው ለኳስ አይደለም። ልጇ ሰሎሜ ቀይ አምባ በሚባለው የማርስ ሰፈር ልትወልድ ነው ሲባል፣ ገንፎ የሚያገነፋላት፣ ወገቧን የሚያሽላት ሰው ከሌለ እንዴት ሆኖ ብላ፣ በስልሳ ሦስት ዓመቷ መርከብ ተሳፈረች። ሰባት ወር ተጉዛ ደረሰች። አርሴማ ተወለደች። አራሷም ተነሳች። ከዚያ መመለሻው መርከብ ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል ተባለ። የሰሎሜ ባል በሰሜን በኩል በረዶ ቆፋሪ ነው፤ ቤቱን የሚያየው በሦስት ወር አንዴ ነው። ሰሎሜ ደግሞ በስርጭት ክፍል፣ ከምድር የሚመጣውን ድምፅና ምስል ስትቀበል ትውላለች። «እማዬ፣ ብቻሽን እንዳትተክዢ» ብላ አምባሩን የሰጠቻት እሷ ናት።

ቀይ አምባ የሚደርሰው የኳስ ስርጭት አንድ ብቻ ነው፤ የአሜሪካ ሊግ። ምድር ላይ እያሉ በአርሴናልና በማንቼ ሲኮራረፉ የኖሩ ሰዎች፣ እዚህ መጥተው የኦሃዮን ቡድን የኋላ መስመር ሲተነትኑ ይውላሉ። ሁሉም ፋንታሲ ይጫወታል። ፋንታሲ ማለት ከመላው ሊግ አስራ አንድ ሰው መርጠህ የራስህን ቡድን ታቆማለህ፤ የመረጥካቸው ሰዎች ሜዳ ላይ ጥሩ ሲጫወቱ ላንተ ነጥብ ይቆጠርልሃል። የደከመውን ትጥላለህ፣ የተሻለውን ታነሳለህ። ጨዋታው መጣልና ማንሳት ነው።

አስካለ ግን አትጥልም።

በዓመቱ መጀመሪያ አስራ አንዱን በፊታቸው መረጠቻቸው። ሜዳ ሲገቡ የሚያማትቡትን አስቀደመች፤ አልሞላ ሲላት እናታቸውን የሚመስሉትን ጨመረች። አንዱ እግሩ ተሰበረ፤ አልጣለችውም። ሌላው ስድስት ሳምንት ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ አልጣለችውም። «ልጅ ታመመ ተብሎ ይጣላል?» ትላለች። በዚህ የተነሳ ከአንድ ሺህ አንድ መቶ ሰው አንድ ሺህ አንድ መቶኛ ናት።

«እትዬ አስካለ!» ይላታል ዘለቀ፣ የውሃ ማጣሪያው ኃላፊና የሊጉ አንደኛ። «እንደው እርስዎ ባይኖሩ ይሄ ሊግ በምን ላይ ይቆም ነበር? መሠረቱ እኮ እርስዎ ነዎት።»

«አንተ እላይ ሆነህ ንፋስ ይምታህ። እኔ እዚህ ሞቆኛል» ትለዋለች።

ለአስራ አንዱም ጠዋት ጠዋት ትጸልይላቸዋለች። ጣቷን አንዱ ጉብታ ላይ ታሳርፋለች፣ በሌላው እጇ መቁጠሪያዋን ትይዛለች፣ ልቡ አንድ ሲመታ አንድ ፍሬ እያሳለፈች «ኪርያላይሶን» ትላለች። ከሠላሳ ሳምንት በኋላ ልባቸውን እንደ ልጆቿ ኮቴ ለየችው። ዓይኗን ጨፍና የትኛው እንደሆነ ትነግርሃለች።

ከሁሉም የምትወደው ማቴዎ ሪንኮንን ነው። የግራ ተመላላሽ ነው፤ እሷ ማቴዎስ ትለዋለች። የማቴዎስ ልብ አንድ አመል አላት፤ አንዳንዴ ትደናቀፋለች። እየመታች እየመታች ትሄድና አንዴ ትዘላለች፣ ኩሬ እንደሚዘል ሰው። የሟቹ የአስካለ ባል ልብም እንደዚያው ነበረች። ስለዚህ ማቴዎስ ጋ ስትደርስ ጸሎቱን ታረዝመዋለች።

ያ ቅዳሜ የዋንጫው ቀን ነበር። የማቴዎስ ቡድን ለፍጻሜ ደርሷል፤ ጨዋታው ስድስት ሰዓት ላይ ይጀመራል። ሰሎሜ ሕፃኗን አዝላ ወደ ሥራ ልትወጣ በር ላይ ቆማለች።

«ዓይንሽ ምነው ገባ? ደህና ነሽ?» አለቻት አስካለ።

«ደህና ነኝ እማዬ፣ ትንሽ ደክሞኝ ነው።»

«አይዞሽ፣ እመቤቴ ትርዳሽ።»

በሩ ተዘጋ። አስካለ ተቀምጣ መቁጠሪያዋን አነሳች።

ከሐሙስ ጀምሮ ማቴዎስ ላይ የሆነ ነገር ቅር ብሏት ነበር። ምን እንደሆነ አላወቀችም። ዛሬ ጣቷን አሳርፋ በትዕግሥት ቆጠረች። ልቡ ተደናቀፈች። ሃያ ሦስት ፍሬ ሄደች፤ ተደናቀፈች። ሰባት ፍሬ፤ ተደናቀፈች። አርባ ፍሬ፤ ተደናቀፈች። ደህና። ቀጠለች። ሃያ ሦስት፤ ተደናቀፈች። ሰባት። አርባ።

እጇ ላይ ያለው መቁጠሪያ ቆመ።

«ተሳስቼ ነው» አለች ለራሷ። እንደገና ጀመረች። ሃያ ሦስት። ሰባት። አርባ። ለሦስተኛ ጊዜ ስትቆጥር ከንፈሯ መንቀሳቀስ አቃተው። ሃያ ሦስት፣ ሰባት፣ አርባ።

የሰው ልብ እንደዚህ አይደጋገምም። ልብ ስትደናቀፍ ቀጠሮ አትይዝም፤ ይሄን በባሏ አልጋ አጠገብ ተቀምጣ ተምራዋለች። ደግሞ ሌላ ነገር አስተዋለች። የቀሩት አስሩ ልቦች ለዋንጫው ቀን እየተጣደፉ ነው። የማቴዎስ ብቻ ተኝቶ እንደሚያርፍ ሰው ቀስ ብላ ትመታለች።

«በስመ አብ» አለች። «ይሄ ማነው ክንዴ ላይ ያለው?»

ነጠላዋን አጣጥፋ ሳትለብስ በመተላለፊያው ሮጠች ማለት ይቻላል። የቀይ አምባ መተላለፊያ ረጅም ነው፣ ግድግዳው ቀዝቃዛ ነው፣ የአየር ማራገቢያው ሁሌም ያጉረመርማል። ክንዷ ላይ ያች ልብ እየመታች አብራት ትሮጣለች። ልትፈታት አሰበች። ከዚያ ፈራች፤ ብፈታትና ብትቆምስ?

ሰሎሜ ስርጭት ክፍል ውስጥ ነበረች፣ ሕፃኗ ጀርባዋ ላይ ተኝታለች። የእናቷን ፊት ስታይ ተነሳች።

«እማዬ! ምን ሆነሻል?»

«ማቴዎስ ሞቷል መሰለኝ።»

«ማነው ማቴዎስ?»

«የኔ ማቴዎስ ነዋ! ልቡ እውነተኛ አይደለችም። የተቀዳች ናት። እየዞረች ነው የምትመታው።»

ሰሎሜ ልትስቅ ፈልጋ ተወችው። የእናቷን ክንድ ይዛ አምባሩን አጠፋችው፣ መልሳ አበራችው። ያቺው ልብ መታች። ገመድ ሰክታ መረመረችው። «አምባርሽ ደህና ነው። የሚመጣውም ምልክት ጤነኛ ነው ይላል።»

«ጤነኛማ ነው። የተቀዳ ነገር መቼ ይታመማል?»

ሰሎሜ ወደ መላኪያው ዞረች። ከዚያ ለሊጉ ቢሮ ወደ ምድር መልእክት ላከች። አራት ሰዓት ከአምስት ነበር። ለመድረስ አስራ አንድ ደቂቃ፣ ለመመለስ አስራ አንድ ደቂቃ። አስካለ ወንበር ላይ ተቀምጣ በጣቷ ትቆጥራለች። ማቴዎስ ሃያ ሦስት፣ ሰባት፣ አርባ ይላል።

«አንቺስ ቁርስ በልተሻል? ትንቀጠቀጫለሽ» አለቻት በመሃል።

«ደህና ነኝ እማዬ፣ ትንሽ ደክሞኝ ነው።»

«አይዞሽ፣ እመቤቴ ትርዳሽ።»

መልሱ መጣ። ሰው የጻፈው አይደለም፤ ማሽን ነው። «የተጫዋቹ ምልክት ጤነኛ ነው። ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን።» ሰሎሜ ወደ ክለቡ ላከች። ሌላ ሃያ ሁለት ደቂቃ ሄደ። ከክለቡም የመጣው ቃል በቃል ያው ነበር።

በዚህ መሃል አስካለ ዘለቀን ከምግብ አዳራሹ እየጎተተች አመጣችው። ዘለቀ ማቴዎስን ከሁለት ሳምንት በፊት ነው ያነሳው፤ ለዛሬው ፍጻሜ ካፒቴን አድርጎታል። ካፒቴን ማለት ነጥቡ እጥፍ ይቆጠራል።

«እትዬ፣ የኔው ደህና ነው የሚመታው እኮ» አለ እየሳቀ። «ደሞ አንበሳ ነው፤ የፍጻሜ ቀን እንኳ አይደነግጥም።»

«ይሄው! አይደነግጥም! አንተ በሃያ ሦስተኛው ላይ ምን እንደሚሆን ተመልከት።»

«እንዴት አድርጌ ልቁጠረው? ከቶ ማን ነው የተጫዋች ልብ ቁጭ ብሎ የሚቆጥር?»

እውነቱን ነው፤ ማንም አይቆጥርም። ሰዉ በየሳምንቱ ይጥላል፣ ያነሳል፤ አንድን ልብ ሠላሳ ሳምንት የያዘ ከአስካለ በቀር አንድም የለም። አምባሩን የሚያጠልቁትም ጎል ሲገባ ዝላዩን ለመስማት ነው።

«ሃያ ሦስት ብያለሁ!» ብላ መቁጠሪያዋን እጁ ላይ ጣለችለት።

ዘለቀ በግድ ቆጠረ። አንዴ ቆጠረ። ሁለተኛም ቆጠረ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ።

«ይቺ የተቀዳች ከሆነች» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የራሱ የት አለች?»



«ስድስት ሰዓት ላይ ሜዳ ይገባል» አለች አስካለ። «ወይ እሱ አይደለም የሚገባው፣ ወይ ታሞ ነው የሚገባው። ባለቤቴ ደረጃ ሲወጣ ነው የወደቀው። አስራ ሁለት ደረጃ። ይሄ ልጅ ዘጠና ደቂቃ ሊሮጥ ነው።»

ሰሎሜ ግንባሯን በሁለት እጇ ይዛ ስታስብ ቆየች። «አንድ ሕግ አለ» አለች በመጨረሻ። «በአንድ ከተማ ውስጥ አንድን ተጫዋች ከያዙት ሰዎች ግማሹ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከጣሉት፣ ሐኪም በእጁ ሳይመረምረው ሜዳ አይገባም። ድሮ የአንድ ተጫዋች ጎረቤቶች መታመሙን ከክለቡ ቀድመው ስላወቁ ነው ያወጡት። እኛም እንደ አንድ ከተማ ነው የምንቆጠረው።»

«ስንት ሰው ነው እዚህ እሱን የያዘው?»

«ስድስት መቶ አስራ አራት። ግማሹ ሦስት መቶ ሰባት።» ሰዓቱን አየች። «የተሰላፊዎቹ ዝርዝር የሚዘጋው አምስት ተኩል ላይ ነው። መንገዱ አስራ አንድ ደቂቃ ነው። አምስት ከአስራ ዘጠኝ ላይ ከዚህ መውጣት አለበት። አሁን አምስት ከአራት ነው።»

«የፍጻሜ ቀን ሪንኮንን ጣሉ ልትያቸው?» አለ ዘለቀ። «አብደዋል ነው የሚሉን።»

አስካለ ወደ ድምፅ ማጉያው ሄዳ ቆመች። ይሄ ድምፅ ማጉያ አየር ሲያፈስ፣ እሳት ሲነሳ ብቻ ነው የሚከፈተው። «ክፈቺው» አለች።

«እማዬ፣ ከሥራ ያባርሩኛል።»

«ክፈቺው ልጄ።»

ሰሎሜ ከፈተችው። በሰፈሩ ሁሉ የማስጠንቀቂያው ጩኸት አንዴ ጮኸ። በየክፍሉ ሰዉ እንደደነገጠ አስካለ ታውቃለች፤ እሷም ደነገጠች።

«አየር አልፈሰሰም፣ አትፍሩ» አለች። «እኔ አስካለ ነኝ። የሰሎሜ እናት። የሊጉ መጨረሻ።»

ከመተላለፊያው ሳቅ ተሰማ።

«ሳቁ። ስትጨርሱ ሪንኮንን የያዛችሁ ጣታችሁን ልቡ ላይ አድርጉ። ሌላ ምንም አልጠይቃችሁም። አንዴ ሲደናቀፍ መቁጠር ጀምሩ። ሃያ ሦስት ይመታል፣ ይደናቀፋል። ሰባት ይመታል፣ ይደናቀፋል። አርባ ይመታል፣ ይደናቀፋል። ከዚያ እንደገና ሃያ ሦስት። እናንተ ቁጠሩ እንጂ እኔን አትመኑኝ። አንድ ዙር አንድ ደቂቃ ነው።»

ዝም አለች።

ሳቁ ትንሽ ቀጠለና ቆመ። ከዚያ በቀይ አምባ ውስጥ ሰምታው የማታውቀው ዝምታ ወረደ። ከማራገቢያው ጉርምርምታ በቀር የሚሰማ የለም። ስድስት መቶ ሰው በየምግብ ቤቱ፣ በየመኝታው፣ በየማሽኑ ሥር ቆሞ የአንድ ሰው ልብ ይቆጥራል። አንድ ደቂቃ ሆነ። ሁለት ደቂቃ ሆነ። ከሩቅ አንዲት ሴት «ወይኔ» ስትል ተሰማ።

«አያችሁ?» አለች አስካለ። «እኔ ሰው ጥዬ እንደማላውቅ ታውቃላችሁ። በዚህ ስትስቁብኝ ከርማችኋል። ዛሬ ግን ይሄን ልጅ እጥለዋለሁ። ከጣልነው ሐኪም በእጁ ይነካዋል። ካልጣልነው የሚነካው የለም።»

ጣቷን ጉብታው ላይ አኖረች። መጣል ቀላል ነው፤ ጉብታውን ሦስት ጊዜ መጫን ነው። አንዴ ተጫነች። ሁለቴ። ሦስተኛው ላይ እጇ ቆመ፤ ከዚያ «ይቅር በለኝ» ብላ ተጫነችው። ጉብታው ቀዝቅዞ ዝም አለ።

ሰሎሜ ፊት ያለው፣ የጣሉትን የሚቆጥረው ሰሌዳ አንድ አለ። ከዚያ አስራ አራት። ሰባ። መቶ ሠላሳ። ሁለት መቶ። አምስት ከአስራ ሰባት ሲሆን ሁለት መቶ ዘጠና ስምንት ላይ ቆመ። አልንቀሳቀስ አለ።

ዘለቀ ክንዱን አቅፎ ግድግዳውን ተደግፎ ነበር።

«አንተስ?» አለችው ሰሎሜ።

«ካፒቴኔ ነው እኮ» አለ። ልክ እንደ ትንሽ ልጅ ነው የተናገረው። «ዓመቱን ሙሉ...» ከዚያ ሦስት ጊዜ ተጫነ። ወደ ድምፅ ማጉያው ጎንበስ ብሎ «ዘለቀ ነኝ፤ ጥዬዋለሁ። ጣሉት» አለ፣ ሌላ ቃል አልጨመረም።

ሦስት መቶ አንድ። ሦስት መቶ አራት። ሦስት መቶ ዘጠኝ። ሦስት መቶ ሠላሳ። ሰሎሜ ልትልክ ስትል እጇ ሁለቴ ከቁልፉ ላይ አዳለጣት። አምስት ከአስራ ስምንት ላይ ላከችው።

ከዚያ በኋላ የሚደረግ ነገር አልነበረም። ከሁሉ የከፋው ይሄ ነው። ክንዷ ላይ የማቴዎስ ቦታ ባዶ ነው። የውሸትም ብትሆን ያቺ ልብ ነበረች፤ አሁን እሷም የለችም። ይኑር አይኑር የምታውቅበት መንገድ የላትም። ቅርብ ሰው ቢሆን ሮጣ በሩን ትደበድብ ነበር። ይሄ ግን በጨለማው ሰማይ ማዶ ነው።

ስድስት ከአስራ አንድ ላይ ምስሉ መጣ። ቡድኖቹ ከመውጫው ተሰልፈው ሲወጡ አስካለ አንድ በአንድ አየቻቸው። የግራ ተመላላሹ ቦታ ላይ የማታውቀው ፊት ነበር። ተንታኙ «ሪንኮን በመጨረሻው ሰዓት ከዝርዝሩ ወጥቷል» ብሎ አለፈ።

«ወጥቷል ማለት ምን ማለት ነው?» አለ ዘለቀ።

ማንም አላወቀም። እሑድም አላወቁም። ዘለቀ የፋንታሲውን ዋንጫ በሦስት ነጥብ አጣ፤ ስለ እሱ አንድም ቃል አልተናገረም። ብቻ እሑድ ከሰዓት መጥቶ በር ላይ ቆሞ «እትዬ፣ ወሬ አለ?» ብሎ ተመለሰ። ከሱም በኋላ ሌሎች መጡ። ሲስቁባት የነበሩት ሰዎች በሯ ላይ እየቆሙ «ልጁ እንዴት ነው?» ይሏታል፣ ልቅሶ ቤት የመጡ ይመስል። ለአስሩ ስትጸልይ አስራ አንደኛው ቦታ ላይ ስትደርስ ባዶውን ጉብታ ይዛ ትቀመጣለች።

ሰኞ ጠዋት መልእክት መጣ። ሰሎሜ ስርጭት ክፍል ተቀብላ፣ ቤት ድረስ ይዛው መጣች። የማቴዎ ሪንኮን ድምፅ ነበር፤ ማሽኑ ወደ አማርኛ እየመለሰው፣ ከሥሩ የራሱ የደከመ ድምፅ ይሰማል።

«እናቴ» ነው ያላት። «ስምዎን ነግረውኛል፣ መጥራት ግን አልቻልኩም። በሕይወት አለሁ። ሐኪሙ ጆሮውን ደረቴ ላይ እንዳደረገ ፊቱ ተለወጠ። አንድ ሩብ ሰዓት ብሮጥ ኖሮ አልነሳም ነበር አሉኝ። ከእንግዲህ ኳስ አልጫወትም።»

ጉሮሮውን ጠርጎ ቀጠለ።

«ማንም አላታለለዎትም፤ እኔው ነኝ። ረቡዕ ልምምድ ላይ ራሴን ስቼ ነበር፣ ብቻዬን ነበርኩ፣ ማንም አላየኝም። ከዚያ ደህና በሆንኩበት ቀን የቀዳሁትን የራሴን ትርታ በእውነተኛው ቦታ አስገባሁት። ለጨዋታውም ሌላ አዘጋጅቼ ነበር። ብታመም ሁሉም ይጥለኛል ብዬ ፈራሁ። አራት ሚሊዮን ሰው ክንዱ ላይ ይዞኛል፤ የሚያዳምጠኝ ይኖራል ብዬ ግን አላሰብኩም። እዚህ ሰው ሁሉ እንዴት ነህ ይለኛል፣ እኔም ደህና ነኝ እላለሁ፣ እሱም ያልፋል። ልቤንም ያስተማርኳት ይሄንኑ ነው። እንደ አፌ እንድትመልስ።»

መልእክቱ አለቀ። አስካለ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ተመስገን» አለች፣ ደጋግማ። «ተመስገን። ልጁ አለ።»

ሰሎሜ አርሴማን አቅፋ ነበር። ወደ ሥራ ልትመለስ ሕፃኗን ወደ ጀርባዋ አዞረቻት። ስታዝል አንዴ ተንገዳገደች፣ ጠረጴዛውን ያዘች።

«ምነው? ደህና ነሽ?» አለቻት አስካለ።

«ደህና ነኝ እማዬ፣ ትንሽ ደክሞኝ ነው።»

«አይዞ—»

አስካለ ቃሉን ጨርሳ አልተናገረችውም።

ቅዳሜ ጠዋት በር ላይ። ቅዳሜ ስርጭት ክፍል ውስጥ። ትናንትም። ባለፈው ወርም፣ ከዚያ በፊት በነበረውም። ያው ቃል፣ «እማዬ» ላይ ያው ዕረፍት፣ «ትንሽ» ላይ ያው ፈገግታ። የሷም መልስ ያው ነበር። አይዞሽ፣ እመቤቴ ትርዳሽ። ስንት ጊዜ ብላታለች? የባዕድ ልጅ ልብ ስትቆጥር ይሄን አልቆጠረችውም። ቅዳሜ ጠዋት መቁጠሪያዋ እጇ ላይ ሲቆም የተሰማት ብርድ እንደገና ከእግሯ ተነስቶ ወደ ላይ ወጣ።

«ተቀመጪ» አለቻት።

«እማዬ፣ ሥራ ረፍዶብኛል።»

«ተቀመጪ አልኩሽ።»

ሰሎሜ ተቀመጠች። አስካለ አምባሩን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። አስር ልቦች በባዶው እንጨት ላይ ጠቅ ጠቅ ማለት ቀጠሉ። ከዚያ የልጇን እጅ ሳበችና ሁለት ጣቷን አንጓዋ ላይ አሳረፈች።

ከስር ያለው ትርታ የሚያሳድዱት ነገር ይመስላል። ይፈጥናል፣ ይቆማል፣ ይፈጥናል።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለች ሰሎሜ። ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ ፈገግታው ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ።

አስካለ መቁጠሯን ቀጠለች።

«አልተኛም» አለች ሰሎሜ። «አርሴማ ከተወለደች ጀምሮ። መተንፈስ ታቆማለች ብዬ ስጠብቃት አድራለሁ። አየሩ የሚያልቅ ይመስለኛል። ቅዳሜ ያን መልእክት ስልከው እጄ የተንቀጠቀጠው ለማቴዎስ ብዬ አይደለም። ሁሌም እንደዚያ ነው።» ጉንጯ ላይ የወረደውን አልጠረገችውም። «እማዬ፣ ያንቺ መርከብ ሲመጣ ምን እሆናለሁ?»

አይዞሽ የሚለው ቃል አስካለ ምላስ ላይ መጣ፣ ተዘጋጅቶ የኖረ፣ የለሰለሰ። ዋጠችው።

«እኔም እፈራለሁ» አለች። «ከመጣሁ ጀምሮ እየፈራሁ ነው። አልነገርኩሽም።»

ሕፃኗ በእናቷ ጀርባ ላይ ትተነፍሳለች። አስካለ ጣቷን ከልጇ አንጓ ላይ አላነሳችም። የሚቀጥለው ትርታ መቼ እንደሚመጣ አታውቅም ነበር። ጠበቀችው።